ቻርጀር፣ ቀረጥና የደጋ አየር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ ዞን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም የሚያተኩሩት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በአገር ውስጥ እንዲመረቱ መንግሥት በሚከተለው ፖሊሲ ላይ ነው። ለመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ የሰጠነው ለሌሎቹም መነሻ የሚሆነው ሐሳብ እዚያው ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞባይል በመጠገን እተዳደራለሁ። ከሁለት የሙያ ጓደኞቼ ጋር ሆነን የስልክ ቻርጀር የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት ለማቋቋም አስበን ነበር፤ ሒሳቡን ስንሠራው ግን አላዋጣንም። ክፍሎቹን ከመርካቶ ገዝተን፣ የቤት ኪራዩንና የራሳችንን ጉልበት ጨምረን የምናወጣው ወጪ አልቆ የሚገባው ቻርጀር ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጣል። መንግሥት «ኢትዮጵያ ታምርት» እያለ አምራቹን እንደሚደግፍ በየጊዜው እንሰማለን። ድጋፉ በትክክል ምንድን ነው? እንደኛ ላለው ትንሽ አምራችስ ይደርሳል ወይ?
ሞባይል ጠጋኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሒሳባችሁ አላዋጣ ያለበትን ምክንያት በመርካቶ ነጋዴ ትርፍ ላይ ብቻ አትጣሉት። ለአገር ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ምርት ከሁሉም በፊት ወሳኝ የሆነው ባለቀው ዕቃና በክፍሎቹ ላይ በሚጣለው ቀረጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የወደብ ዋጋው 400 ብር የሆነ አንድ ያለቀ ቻርጀር 10 በመቶ ቀረጥ ተከፍሎበት ገባ እንበል፤ 440 ብር ይሆናል። የዚያኑ ቻርጀር ክፍሎች በ300 ብር አስመጥቶ 30 በመቶ ቀረጥ የሚከፍል ሰው ደግሞ ገና አንድ ሠራተኛ ሳይቀጥር 390 ብር አውጥቷል፤ ለሠራተኛና ለኪራይ 60 ብር ሲጨምር 450 ብር ይደርሳል፤ በዚህ ላይ የሚያተርፈው ነገር የለም። የክፍሎቹ ቀረጥ ወደ 5 በመቶ ቢወርድ ግን ያው ሥራ በ375 ብር ያልቃል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ እንጂ ከታሪፍ መጽሐፍ የተቀዱ አይደሉም፤ ሆኖም የእናንተ ሒሳብ የተሰናከለበት ቦታ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

መንግሥት ይህን ሲያስተካክል ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተደነገገው የቀረጥ ልክ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባው ዜሮ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ፣ አልቆ ለሚገባው ደግሞ 15 በመቶ ሆኗል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ሲታከልበት፣ ባለሀብቱ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ቢከፍት እንደሚያዋጣው ማንም ሳይመክረው ከሒሳቡ ሊረዳው ይችላል። እንዲህ ያለው የደረጃ ቀረጥ ለቻርጀርም፣ ለአምፖልም፣ ለሬዲዮም በዝርዝር ቢወጣ ለአነስተኛው አምራች ከብዙ ስብሰባና ከብዙ መፈክር የበለጠ ይጠቅመዋል የሚል እምነት አለን።

ይሁን እንጂ የደረጃ ቀረጥ ብቻውን አምራቹን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አስቀምጦት ሊቀር ይችላል። አገራችን ውስጥ የቴክኖ ስልኮች መገጣጠም የጀመሩት በ2003 ዓ.ም. ግድም ነው፤ ይህም በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነበር። በመገጣጠም ሥራ አገር ውስጥ የሚቀረው የሠራተኛው ደመወዝ፣ የማሸጊያው ዋጋና የመጨረሻው ፍተሻ ሲሆን፣ የስልኩን ዋጋ አብዛኛውን ድርሻ የሚይዙት ስክሪኑ፣ ቺፑ፣ ባትሪውና ካሜራው ግን እንዳለ ከውጭ ይመጣሉ። መገጣጠም የሚናቅ ሥራ ነው እያልን አይደለም። ሠራተኛው የምርት መስመር ሥርዓትን፣ የጥራት ቁጥጥርንና በሰዓት መሥራትን የሚማረው እዚያ ነው። የፖሊሲው ጥያቄ መሆን ያለበት ከዓመት በኋላ ቻርጀሩ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ባትሪው፣ ከዚያም ክፍሎቹ የሚበየዱበት ቦርድ እዚሁ እንዲሠራ የሚያስገድድና የሚያበረታታ መርሐ ግብር አለ ወይ የሚለው ነው።

ሕንድ ለሞባይል ስልክ የተከተለችው መንገድ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። መንግሥቱ ቀረጡን በአንድ ጊዜ በሁሉም ነገር ላይ አልጫነም። በመጀመሪያ በቻርጀር፣ በባትሪና በጆሮ ማዳመጫ ላይ፣ በቀጣዩ ዓመት በማይክሮፎን፣ በቁልፍ ሰሌዳና በዩኤስቢ ገመድ ላይ፣ ቀጥሎ በተሞላው ሰርኪዩት ቦርድና በካሜራ ላይ፣ በመጨረሻም በስክሪን ላይ ቀረጥ እንደሚጣል አስቀድሞ አሳወቀ። አምራቹ በየትኛው ዓመት የትኛው ክፍል ከውጭ ለማስገባት ውድ እንደሚሆንበት ስላወቀ ማሽኑንም ብድሩንም በዚያው ልክ አቀደ። ባለቀው ስልክ ላይ የተጣለው ቀረጥም እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ 20 በመቶ ደርሶ፣ ኢንዱስትሪው እግሩን ከተከለ በኋላ በ2024 ወደ 15 በመቶ ዝቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ከመነሻ ዓመቱ በላይ ላመረቱና ለሸጡ ድርጅቶች በጨመሩት ሽያጭ ላይ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚደርስ ክፍያ የሚሰጥ ማበረታቻ ተጀመረ። የዚህ ማበረታቻ ብልሃት ገንዘቡ የሚከፈለው ዕቃው ተመርቶ ከተሸጠ በኋላ መሆኑ ነው። መሬት ወስዶ አጥር ብቻ ለሚያጥር ሰው የሚደርሰው ነገር የለም። የእኛ አገር ማበረታቻዎች በአብዛኛው ከምርት በፊት የሚሰጡ ናቸው፤ መሬት፣ ከቀረጥ ነፃ የሆነ ማሽን፣ የገቢ ግብር እፎይታ። ግብር የሚከፈለው ከትርፍ ላይ በመሆኑ እፎይታው ገና ትርፍ ላላየው ጀማሪ ብዙም አይረዳውም።

አሁን ወደ እናንተው ቻርጀር እንመለስ። እርስዎ በየቀኑ የሚከፍቱት ዕቃ ስለሆነ ውስጡን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የ220 ቮልቱን ተለዋዋጭ ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ዳዮዶች፣ ወፍራሙ ካፓሲተር፣ መቆጣጠሪያው ቺፕ፣ ትንሿ ትራንስፎርመር፣ የዩኤስቢ መሰኪያውና የፕላስቲክ ቀፎው አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቺፑና ካፓሲተሩ ለረጅም ጊዜ ከውጭ መምጣታቸው የማይቀር ነው፤ በዚያ ማፈርም አያስፈልግም። ትራንስፎርመሩን በሽቦ መጠቅለል ግን የእጅ ትጋትና አነስተኛ መጠቅለያ ማሽን የሚጠይቅ ሥራ ነው። የፕላስቲክ ቀፎውን ማተም፣ ገመዱን መቁረጥና መሰኪያውን መግጠም፣ ቦርዱን መሙላትና መበየድ፣ እያንዳንዱንም መፈተሽ እዚሁ ሊሠራ ይችላል። ለመጀመር የምንመክራችሁ በመጠቅለሉና በፍተሻው ነው። ለፕላስቲኩ ሻጋታ ማሠራት ውድ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ቀፎውን ከሌላ አምራች መግዛት ይሻላል።

ፍተሻውን በተለይ የምናነሣው በምክንያት ነው። ርካሹ ቻርጀር ርካሽ የሆነው ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው ቮልቴጅ ባለበት ወገንና ስልኩ በሚሰካበት ወገን መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ስለተነፈገው ነው። ጤነኛ ቻርጀር በሁለቱ ወገኖች መካከል ብዙ ጊዜ 3,000 ቮልት ድረስ ተሰጥቶት ሳያሳልፍ መቆየት ይጠበቅበታል። በዚህ ላይ ስለ ደብረ ብርሃን ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃ ይህን የአየር ክፍተት የሚያሰላው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ክፍተቱን ይሻገራል፤ ስለዚህ ደረጃው ለ3,000 ሜትር ከፍታ ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባም ቢሆን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በቻይና ደረጃ መሠረት ከተሠሩ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ የተራራ ምልክትና 2000 የሚል ቁጥር ታትሞ ይታያል፤ ትርጉሙ ከዚያ ከፍታ በላይ አይጠቀሙበት ማለት ነው። የሱቅዎን መሳቢያ ቢፈትሹ ምልክቱን የያዘ አንድ ሁለት አዳፕተር ሳያገኙ አይቀሩም።

ይህ ለእናንተም ለፖሊሲ አውጪውም ዕድል ነው። አንድ አገር ለደጋማ መሬቱ የሚስማማ የደኅንነት ደረጃ አውጥቶ ከውጭ የሚገባውንም እዚህ የሚሠራውንም በእኩል ቢያስገድድ ማንም በአድልዎ ሊከስሰው አይችልም። ጥራት የሌለው ቻርጀር ከገበያ ሲወጣ ደግሞ ክፍተቱን ሰፋ አድርጎ የሠራው የደጋው አምራች በዋጋ ተሸናፊነቱ ይቀርለታል። እንዲህ ያለው ደረጃ መንግሥትን ለድጎማ ገንዘብ አያስወጣውም፤ የሚጠይቀው የፍተሻ ላቦራቶሪና ቁርጠኛ ተቆጣጣሪ ነው። በእኛ አስተያየት ለአገር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ከሚታሰቡት ድጋፎች ሁሉ በቸልታ የታለፈው ይህ ነው።

ስለ ውጭ ምንዛሪ አንድ ነገር እንጨምር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በእጥፍ ገደማና ከዚያም በላይ ጨምሯል። ይህ አልቆ የሚገባውን ቻርጀር አስወድዷል፤ የእናንተንም ቺፕ እንዲሁ። ልዩነቱ ያለው ሠራተኛና ኪራይ በብር የሚከፈሉ በመሆናቸው ላይ ነው። ስለዚህ አገር ውስጥ የሚሠራው ድርሻ በበዛ ቁጥር ምንዛሪው ለእናንተ ያደላል፤ ክፍሎቹን ሰብስቦ ብቻ የሚዘጋው አምራች ግን ከአስመጪው ብዙም አይለይም።

ድጋፉ ለትንሽ አምራች ይደርሳል ወይ ላሉት፣ በሕግ ይደርሳል፣ በአሠራር ግን መንገዱን ማወቅ ይጠይቃል። ከመርካቶ ነጋዴ የምትገዙት ክፍል የንግድ ቀረጥ ተከፍሎበት የገባ ስለሆነ ምንም ቅናሽ አይደርሳችሁም። የአምራች የቀረጥ ቅናሽ የሚሰጠው የማምረቻ ፈቃድ ኖሮት፣ ለአንድ ምርት ምን ምን ግብዓት በምን ያህል መጠን እንደሚገባ የሚያሳይ ዝርዝር አስጸድቆ፣ በራሱ ስም ለሚያስመጣ ድርጅት ነው። ሦስት ሰው ብቻውን ይህን መሸከም ስለሚከብደው፣ በከተማው ያሉ ጠጋኞችና ገጣጣሚዎች ተሰባስበው በአንድ ማኅበር ስም ቢያስመጡ ይሻላል። ለማሽን ግዥ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ አለ፤ በክልሉ ደግሞ ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ ማሽኑን ገዝቶ በኪራይ መልክ ያቀርባል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት የታሰበ፣ ሼዶቹም ሰፋፊ ስለሆኑ ለእናንተ ልክ አይሆንም። ከተማ አስተዳደሩ ለአነስተኛ አምራቾች የሚያዘጋጃቸውን የመሥሪያ ቦታዎች ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ

የቴክኒክና ሙያ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ኤሌክትሮኒክስ ተምረው ሲጨርሱ ሥራ አያገኙም። መንግሥት ከውጭ የሚገባውን ሬዲዮ፣ ስልክና ቴሌቪዥን አንዴ ቢከለክለው አገር ውስጥ መመረት አይጀምርም ወይ? ኮሪያስ በዚህ መንገድ አይደለም ያደገችው?
መምህር፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ

መምህር፣ የተማሪዎችዎ ነገር ያሳሰበዎ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ክልከላው ግን ተሞክሮ ውጤቱ የታየ ነገር ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው የኢንፎርማቲክስ ሕግ የአነስተኛ ኮምፒውተር ገበያዋን ለስምንት ዓመት ለአገር ውስጥ ድርጅቶች ብቻ ከለለች። ኮምፒውተሮቹ በእርግጥ ተሠሩ፤ ብዙ መሐንዲሶችም በዚያ ሠለጠኑ፤ በተለይ ለባንኮች የሚሆን ሥርዓት በመሥራት የብራዚል ባለሙያዎች ጥሩ ስም አተረፉ። ነገር ግን ዋጋው ከዓለም ገበያ እጅግ የላቀ፣ ሥሪቱም በዕድሜ ኋላ የቀረ ነበር። ኮምፒውተር ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ፋብሪካዎች ተጎዱ፤ በድንበር በኩል የሚገባው ኮንትሮባንድም ገበያውን አጥለቀለቀው። ጥበቃው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንዲያበቃ ተደረገ።

ኮሪያን በተመለከተ የሚነገረው ግማሹ እውነት ነው። የመጀመሪያው የኮሪያ ሬዲዮ በጎልድስታር ድርጅት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማስፋፊያ ሕግ የወጣውም ሳምሰንግ ኤሌክትሮኒክስ የተቋቋመውም በ1969 ነው። ገበያው ተጠብቆላቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ጥበቃውና ብድሩ የሚቀጥለው ድርጅቱ ወደ ውጭ በሚልከው መጠን ልክ ነበር። በአገር ውስጥ ደንበኛ ላይ ብቻ ተንተርሶ መኖር የማይቻል ሆነ። ቬትናም ደግሞ ምንም ክልከላ ሳታደርግ፣ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ባክ ኒን ግዛት ውስጥ ስልክ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ከዓለም ዋና ዋና የስልክ ላኪዎች አንዷ ሆናለች። የእርሷም ጉድለት አለ፤ ከትልቁ ፋብሪካ ጎን የበቀሉት የአገሬው ክፍል አቅራቢዎች ቁጥራቸው አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል።

እኛም አገር የቁጥጥርን አስቸጋሪነት አይተነዋል። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም በኮንትሮባንድ የገቡ የስልክ ቀፎዎች ኔትወርክ እንዳያገኙ የሚያደርግ የቀፎ ምዝገባ ጀምሮ ነበር፤ ከዓላማዎቹ አንዱ በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙትን ስልኮች ማገዝ ነበር። አሠራሩ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ሕጋዊው ዕቃ በተከለከለ ወይም በተወደደ መጠን የኮንትሮባንዱ ትርፍ እንደሚያድግ የሸዋ ሮቢት ገበያ ለእርስዎ ሳያሳይዎ አልቀረም።

ሌላው ነገር የዓለም ንግድ ድርጅት ነው። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የአባልነት ጥያቄ አቅርባ በድርድር ላይ ቆይታለች። ከላይ የጠቀስናት ሕንድ በስልክና በመሰል ዕቃዎች ላይ በጣለችው ቀረጥ በአውሮፓ ኅብረት፣ በጃፓንና በታይዋን ተከስሳ፣ የድርጅቱ ክርክር ዳኚ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2023 ቀረጡ የገባችውን ቃል የሚጥስ ነው ብሏል። ከአባልነት በፊት የሚገባው ቃል ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ተደራዳሪዎቻችን ለኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችና ላለቁ ዕቃዎች የሚያስመዘግቡት የቀረጥ ጣሪያ ተማሪዎችዎ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሠሩበትን ፋብሪካ ሁሉ ይነካል። እስከዚያው እርስዎ ለተማሪዎችዎ ቦርድ መሙላትን፣ ትራንስፎርመር መጠቅለልንና ሥርዓት ያለው ፍተሻን ቢያስተምሩ፣ ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ቀጣሪ የሚፈልገው ይህን ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀትም የደብረ ብርሃንን ከፍታ ያህል ዕቃ የሚፈትን ስለሆነ፣ ቻርጀርና ባትሪ በሙቀት ምን ያህል እንደሚቆይ መመዝገብ ለተማሪ ጥሩ የልምምድ ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ

የኤሌክትሪክ ምጣድ እሠራለሁ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለምግብ ቤቱ ምጣድ ለመግዛት ጨረታ አውጥቶ ተወዳድሬ ነበር፤ ከውጭ የመጣ ዕቃ ያቀረበው ሰው በትንሽ ዋጋ በልጦኝ ወሰደው። ለአገር ውስጥ ምርት የዋጋ አስተያየት እንደሚደረግ ሰምቻለሁ። ምጣድስ በዚህ ውስጥ ይገባል ወይ?
ምጣድ ሠሪ፣ ከእነዋሪ

መልስ

ይገባል። በጉምሩክ ታሪፍ አመዳደብ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ቻርጀርና ሞባይል ስልክ ሦስቱም ምዕራፍ 85 ውስጥ ናቸው። እንዲያውም እርስዎ ከስልክ ገጣጣሚው ይልቅ የተሻለ መከራከሪያ አለዎት። በግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 እና በመመሪያው መሠረት አንድ ዕቃ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው ከዋጋው ከ35 በመቶ በላይ የሆነው እሴት እዚህ የተጨመረበት ሲሆን ነው፤ ለእንዲህ ያለው ዕቃም በጨረታ ግምገማ 15 በመቶ የዋጋ ልዩ አስተያየት ይደረግለት ነበር። ለምሳሌ የውጩ ዕቃ 10,000 ብር፣ የእርስዎ 11,200 ብር ቢሆን፣ በግምገማው የውጩ 11,500 ብር እንደሆነ ስለሚቆጠር አሸናፊው እርስዎ ነዎት፤ የሚከፈልዎትም የራስዎ 11,200 ብር ነው። አዋጁ በ1333/2016 ስለተተካ፣ አሁን የሚሠራበትን የልዩነት መጠን ከጨረታው ሰነድ ላይ ማየት አለብዎት። በሰነዱ ካልተጠቀሰ የጨረታው ሣጥን ከመዘጋቱ በፊት በጽሑፍ ማብራሪያ ይጠይቁ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም።

የእርስዎ ችግር ማስረጃው ላይ ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን። የሸክላው ምጣድ፣ ቆርቆሮው፣ ጄሶው፣ የብረት እግሩና የሠራተኛው ጉልበት የአገር ውስጥ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣው በሸክላው ጀርባ በተቀደደው ቦይ ውስጥ የሚዘረጋው የማሞቂያ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ምናልባት ገመዱ ነው። በእሴት ስሌት 35 በመቶን ማለፍ አያቅትዎትም። ነገር ግን ሸክላ ሠሪዋ እናት ደረሰኝ አይሰጡም። ለእንዲህ ያለው ግዥ ገዢው ራሱ የሚያዘጋጀውን የግዥ ማረጋገጫ ሰነድ ከገቢዎች ቢሮ ጠይቀው ይያዙ፤ የሻጩን ስም፣ የዕቃውን ብዛትና ዋጋ እየሞሉ ያስፈርሙ። የሠራተኛ ደመወዝም በመዝገብ ላይ ካልሰፈረ በእሴቱ ውስጥ አይቆጠርልዎትም።

በመጨረሻም የቴክኒክ መግለጫውን አይርሱ። የቤት ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚወስድ ሲሆን፣ ገዢው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ኃይሉን፣ የገመዱን ውፍረትና የመሬት ሽቦ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ ዕቃው ላይ እንዲለጠፍ ነው። ከውጭ የመጣው ዕቃ ይህን ሰሌዳ ይዞ ይመጣል። እርስዎ በሚቀጥለው ጨረታ ላይ የምጣዱን ኃይል በኤሌክትሪክ መለኪያ ለክተው፣ የተገኘውን ቁጥር በቆርቆሮ ሰሌዳ አስቀርጸው ክዳኑ ሥር ይምቱበት።